የወፍ እግር ያለበት ድንጋይ

ለውድ ወንድሜ ለሊዮናርድ፣

ሰላምታዬ ያንን ሁሉ ባሕር አቋርጦ ካለህበት ይድረስህ። እንደምን ሰነበትክ? ደረትህ እንዴት ሆነ? እኛ ጋ ብርዱ ሲወጣ እናንተ ጋ እንደሚገባ ስለማውቅ ያ ሳልህ እንዳይነሳብህ ከአሁኑ እሰጋለሁ። ባለቤትህ ሞይራስ ወገቧን ተሻላት? ልጆቹስ፣ ጂልና ዴኒስ፣ እንዴት ናቸው? የምታሠራው ቤት ጣራ ለበሰ ወይስ አናጢው አሁንም ነገ ነገ ይልሃል? እኔ እንደ ልማዴ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። ፊደሎቼ ተንጋደው ከመስመር ቢወጡብህ መነጽርህን አትውቀስ። ፈርቻለሁ፣ ወንድሜ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

የምጽፍልህ ከእማዬ ክፍል ሆኜ ነው፤ ከጣራው ሥር ካለው፣ ድሮ ሠራተኞች ይተኙበት ከነበረው። እማዬ ትራስ ተደግፋ ለጂል ሹራብ ትሠራለች፤ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ። ወደ ታች መውረድ አንችልም። ደረጃው ግድግዳውን እየለቀቀ ነው። የእሳት አደጋ ሰዎች ተጠርተዋል፤ እስኪደርሱ የማደርገው የለኝም። ሐሙስ ደግሞ ላንተ የምጽፍበት ቀን ስለሆነ፣ እማዬ ምንም እንዳትጠረጥር ብዬ ወረቀትና ብዕር ይዤ ቁጭ አልኩ። እሷም ቀና ብላ «ለሊዮናርድ ምን አዲስ ነገር አለ ብለሽ ነው?» አለችኝ። «ስለ አየሩ ነው» አልኳት።

ደረጃችንን ትረሳዋለህ ብዬ አላስብም። ባለፈው ደብዳቤህ ላይ እሱን የመሰለ ማሠራት አስበህ ልኩን ለክቼ እንድልክልህ ጠይቀኸኝ ነበር። አባዬ ከታች ቆሞ ወደ ላይ እያሳየ ሲያስረዳን ዛሬም ድምፁ ይሰማኛል። ከሥሩ ምሰሶ የለውም፤ እያንዳንዱ እርከን አንድ ጫፉ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል፣ ሌላው ጫፉ አየር ላይ ነው፤ የቀረውን ሸክሙን ከበታቹ ያለው እርከን ትከሻ ላይ ያሳርፋል። ግድግዳው ጫፋቸውን ጥርቅም አድርጎ እስከያዘ ድረስ ንቅንቅ አይሉም ይለን ነበር። ሌላ ልጅ ቢሆን ይደነቅ ነበር። አንተ ግን፣ አንተ ሰይጣን፣ አባዬ ዞር ሲል ጠብቀህ በጆሮዬ «ግድግዳው ቢያስነጥሰውስ?» አልከኝ። ይኸው ጸጉሬ ሸብቶ፣ ዛሬም የምወጣውና የምወርደው ግድግዳውን ታክኬ ነው።

ምድር ሥር ባለው ወጥ ቤት በኩል የመጨረሻው እርከን ጫፍ ከግድግዳው ወጣ ብሎ እንደሚታይም ታስታውሳለህ። ድንጋይ ጠራቢው ምልክቱን ቀርጾበታል፤ ባለ ሦስት ጣት የወፍ እግር። እኔ ስለማልደርስበት አንተ ታቅፈህ ታነሳኝና ጣቴን በጭረቱ ውስጥ አስኬድ ነበር። ጠራቢው በእያንዳንዱ እርከን ጫፍ ላይ ይህንኑ ሠርቷል፣ የቀሩት ግን ግድግዳ ውስጥ ስለተቀበሩ ማንም አያያቸውም ብሎ የነገረን አባዬ ነበር። እኔ አየሁ። ዛሬ ጠዋት አየሁ።

ሻለቃ ፔንጌሊን አታውቃቸውም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው በስተቀኛችን የገቡት። ጡረታ የወጡ፣ ንጹሕ፣ ሰላምተኛ ሰው ናቸው። ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ከያዟቸው ትልልቆቹን አስደርቀው በመስታወት ሣጥን ያስቀምጧቸዋል። በረድፋችን ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቆ የሚኖረው ሰው ሁሉ የደጁን የብረት አጥር ጥቁር ቀለም ቀብቶ ሲኖር እሳቸው የራሳቸውን ነጭ አስቀቡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ስማቸውን ጠርታ አታውቅም፤ «ያ የጥርስ ሳሙና» ነው የምትላቸው። ሰላምታም ነሳቻቸው። በመከር ወራት ዳሌዋ ከተሰበረና ሐኪሙ ደረጃ እንዳትነካ ከከለከላት ወዲህ ደግሞ ወደ ውጭ ስላልወጣች ኩርፊያውን ከመስኮት ሆና ቀጠለችበት።

ከገና በኋላ ከግድግዳው ማዶ መዶሻና መሮ መሰማት ጀመረ። ኳ ኳ ይልና ዝም ይላል፤ ከዚያ ደግሞ እንደ መጋዝ ያለ ነገር ይፈገፍጋል። የኛን ሰው ታውቀው የለ። ጎረቤትን «ምን እየሠሩ ነው?» ብሎ መጠየቅ ጓዳው ገብቶ ድስቱን ከፍቶ እንደማየት ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ዛሬስ ጥሩ ደመና ነው» እላቸዋለሁ፤ «ከሰዓት ሳይጥል አይቀርም» ይሉኛል፤ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፣ እንለያያለን። ድምፁ ሲብስብኝ ይግባቸው ብዬ አንድ ማሰሮ የብርቱካን ማርማላታ ላክሁ፤ ካርዱ ላይ «ሰሞኑን ሥራ እንደበዛብዎ እንሰማለን» ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ በላይ መጮህ ለኔ ነውር ነው። እሳቸው ደግሞ ደግነት መስሏቸው በማግስቱ አንድ ድንጋይ በሪባን አስረው ላኩልኝ። «ከግድግዳዬ የወጣ የሚያምር ድንጋይ ነው፤ በር ለመደገፍ ይሆንዎታል» ይላል ካርዳቸው። እኔም አመስግኜ መልስ ጻፍኩ። በጨዋነት ልንገዳደል ነበር፣ ሊዮናርድ።

ድንጋዩን እማዬ በር ሥር አኖርኩት፤ ምክንያቱም በሩ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ብቻውን እየተንቀሳቀሰ መዘጋት ጀምሮ ነበር። ቤቱ አርጅቷል አልኩ። ደረጃው ላይ ነጭ አቧራ አይቼ ጠረግኩ፤ በማግስቱም ጠረግኩ። ከዚያ ከመጀመሪያው ፎቅ በላይ፣ እርከኖቹ ግድግዳው ውስጥ በሚገቡበት መስመር ላይ ልስኑ እንደ ጸጉር ቀጥኖ ተሰነጠቀ። ላንተ ከምልክልህ ቴምብር ዙሪያ የሚተርፈውን ሙጫ ያለበትን ጠርዝ በምላሴ አርሼ ስንጥቁ ላይ ለጠፍኩት። ግድግዳው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ወረቀቱ አይነካም። ሁለት ጊዜ በዚያ ሳልፍ አየሁት፣ ደህና ነበር፤ ልቤም ረጋ አለ።

ዛሬ ጠዋት የእማዬን ቁርስ በትሪ ይዤ ስወጣ ወረቀቷ ለሁለት ተቀዳለች። እዚያው ቆምኩ። ስኒዎቹ እጄ ላይ ይንጫጫሉ፤ እየተንቀጠቀጥኩ ያለሁት እኔ ነኝ ወይስ ደረጃው ብዬ እግሬን አደመጥኩ። ከሥሬ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ፣ ደረቅ ብስኩት ሲሰበር እንደሚሰማው። ተመልሼ መውረድ ነበረብኝ፤ እማዬ ግን ከላይ ናት። ወደ ላይ ሮጥኩ። በሩ ላይ ስደርስ በእግሬ ያን ድንጋይ መታሁት፤ ተገለበጠ። ሥሩ ላይ ባለ ሦስት ጣት የወፍ እግር ተቀርጾበታል።

ወዲያው ገባኝ። አባዬ እንዳለው እነዚህን ቤቶች የሠሩ ሰዎች ለሰው የሚታየውን ፊት በጥርብ ድንጋይ አሳምረው፣ በሁለቱ ቤቶች መሐል ያለውን ግድግዳ ማን ያየዋል ብለው ስስ አድርገው ሠርተውታል። ሻለቃው በራሳቸው በኩል ሲቦረቡሩ ያገኙት የኛን እርከን ጫፍ ነው፤ ቆርጠው፣ ሪባን አስረው፣ ሰጡኝ። የእናቴን በር ስደግፍበት የሰነበትኩት እናቴን በያዘው ደረጃ ጫፍ ነበር።

በዚህ መሐል የታችኛው በር ሲከፈት ሰማሁ። ወይዘሮ ጋድ ናቸው፤ ሐሙስ ሐሙስ ቤት የሚያጸዱልን። ጆሯቸው ከብዷል፣ ሲገቡ ደግሞ ያንጎራጉራሉ፣ ቀጥታ ወደ እማዬ ነው የሚወጡት። «አይርገጡ! ደረጃውን አይርገጡ!» ብዬ ጮህኩ። «መጣሁ መጣሁ! ሻዩ ቀዘቀዘ እንዴ?» አሉና መውጣት ጀመሩ። ሌላ ምን ላድርግ? ትሪውን እንዳለ፣ ከነእማዬ ሰማያዊ ስኒዎች፣ ደረጃው በሚዞርበት ባዶ መሐል ለቀቅኩት። ታች ድረስ ወርዶ ተንኮታኮተ። ወይዘሮ ጋድ ከሁለተኛው እርከን ዘለው ወርደው «ጤና የለሽም እንዴ ወይዘሪት ሄስተር! ልትገድይኝ ነው?» አሉ። ደረጃው አይችልም ብዬ በምልክት ጭምር ሳስረዳቸው «ክብደቴን ነው የምትሰድቢው?» ብለው ወገባቸውን ያዙ። በኋላ ግን ስንጥቁን ከታች ሆነው አዩት፤ ፊታቸው ተለወጠ። ስልክ ያለው ሻለቃው ቤት ስለሆነ ወደዚያ ሮጡ።

ሻለቃው በሸሚዝ ብቻ መጥተው ከታች ቆሙ። ካወቅኋቸው ጊዜ ጀምሮ ባርኔጣ ሳያደርጉ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። የላኩልኝ ድንጋይ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ወደ ስንጥቁ ቀና ብለው አዩና «እመቤቴ፣ ስንት እንደቆረጥኩ ቆጥሬ ልመለስ» አሉ። ሲመለሱ «አምስት» አሉኝ። ለዓሦቻቸው ግድግዳው ውስጥ መደርደሪያ ሲቦረቡሩ እነዚያ ድንጋዮች አንዱ ካንዱ ከፍ እያለ ብቅ ብቅ ስላሉባቸው፣ የድሮ ግንበኛ ስንፍና መስሏቸው በመጋዝ እየቆረጡ አስተካከሏቸው። «የትልቁን ዓሣ ሣጥን አላስገባ ብለውኝ ነው» አሉ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ሆኖ ነበር።

የእሳት አደጋው መኪና ደወል እየተሰማ ነው። እዚህ ላይ ላቋርጥ።

ተመለስኩ። አሁን ሊመሽ ሲል ነው፣ የምጽፍልህም ከሌላ ቤት ሆኜ ነው፤ ግን በየተራው ልንገርህ። የእሳት አደጋ ሰዎቹ አለቃ፣ ቀይ ጢም ያላቸው የዚሁ አገር ሰው፣ ደረጃውን ከታች በባትሪ አዩና ፉጨታቸውን አቋረጡ። ድመት እንኳ እንዳይወጣበት አዘዙ። ዳሌዋ ገና ስላልጠና በመሰላል ማውረድም አልደፈሩም። የቀረው መንገድ በጣራው ነበር። ከጣራው ከለላ ግንብ ኋላ የሚሄደውን፣ ሰው የሚያስኬደውን ሰፊ አሸንዳ ታውቀዋለህ፤ ከረድፉ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው፣ ሁላችንም እንጋራዋለን። በሻለቃው ጣራ መስኮት ወጥተው፣ በአሸንዳው ላይ ተጉዘው፣ በእማዬ መስኮት ገቡ። «አይዞሽ የኔ ወለላ» አሏት አለቃው፣ «በወንበር አስረን እንደ ንግሥት እንወስድሻለን።»

እማዬ ሹራቧን አጠፈች። «ደረጃው ሲያቃስት ከሷ ቀድሜ ነው የሰማሁት» አለቻቸው ወደ እኔ እያመለከተች፤ «እንዳትፈራ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» ለካ ሁለታችንም አንዳችን ለሌላው ስንዋሽ ነው የከረምነው። ከዚያ ወዴት እንደሚወስዷት ጠየቀች። ወደ ጎረቤት ሲሏት መርፌዋን ብርድ ልብሱ ላይ ሰካችና «አልሄድም። ሰውየው ጠርቶኝ አያውቅም» አለች። አለቃው መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። ለመኗት፣ ተቆጧት፤ ወይ ፍንክች! ከታች ጠቅ፣ ጠቅ የሚለው ድምፅ እየቀረበ መጣ። እኔ እጇን ይዤ አለቀስኩ። ሊዮናርድ፣ በአጥር ቀለም ምክንያት እናቴን የማጣት መሰለኝ።

ሻለቃው ይህን ከማዶ ሰምተው በመስኮታቸው ወጡ። ነፋሱ ጸጉራቸውን እያመሰው አሸንዳው ላይ በእንብርክካቸው መጡና መስኮታችን ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን ደፉ። «እመቤቴ፣ ዛሬ ቤቴ ለሻይ ቢመጡልኝ ትልቅ ክብር ነው» አሉ። እማዬ አየቻቸው። «አጥሩስ?» አለች። «ጥቁር አስቀባዋለሁ።» «መቼ?» «ነገ።» «እንግዲያው እመጣለሁ» አለችና ኮፍያዋን እንዳቀብላት እጇን ዘረጋች።

በቀበቶ ወንበር ላይ አስረው ሁለት ሰዎች ከፊትና ከኋላ ይዘዋት ወጡ። ያ ከመንገድ ሲያዩት ግርማ ያለው የከለላ ግንብ በኛ በኩል ከጉልበት አይበልጥም፤ ከሱ ወዲያ አየር ነው፣ ከአየሩ ወዲያ የመንገዱ ድንጋይ። እሷ ወደ ፊት እያየች አሸንዳው ቅጠል እንደሞላውና ማንም እንደማይጠርገው ስታማርር ይሰማኛል። መስኮታቸው ውስጥ ስትገባ አየሁ። ያኔ ብቻዬን ቀረሁ። አለቃው ተመልሰው እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ እኔ ግን የእማዬን መድኃኒት ልይዝ ብዬ ወደ ክፍሉ ዞርኩ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በሩ ሥር ያለውን ድንጋይ አነሳሁ። በሩ ብቻውን ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ከበሩ ወዲያ ግድግዳው አስነጠሰው። አንድ ነገር ወደቀ፤ ከዚያ ዝም አለ፤ ዝምታው ከድምፁ የባሰ ነበር። ከዚያ እርከኖቹ ሁሉ ተከታትለው ወረዱ፣ እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ዘለለ። በበሩ ሥር ነጭ አቧራ ጫማዬ ድረስ መጣ። አለቃው በሹራቤ ጎትተው በመስኮቱ አወጡኝ። አሸንዳውን እንዴት እንዳቋረጥኩ አላስታውስም፤ ማዶ ስደርስ ግን መድኃኒቱ፣ ቦርሳዬ፣ ያንተ ደብዳቤዎች ሁሉ እዚያው ቀርተው ያንን ድንጋይ ደረቴ ላይ ታቅፌው ነበር። ይህችን የጀመርኩልህን ወረቀት እንኳ ያመጣቻት እማዬ ናት፤ በሹራቧ ጠቅልላት ነበር። ስለ አየሩ የጻፍኩትን እንዳነበበችው ከፊቷ አውቄአለሁ።

ያለቀ መስሎህ ይሆናል። እኔም መስሎኝ ነበር፤ ከሻለቃው የጣራ ክፍል ልንወርድ ስንል ግን የሻለቃው ደረጃ ራሱ እንደኛው የተንጠለጠለ መሆኑን አየሁ። ጫፎቹ የተቀበሩት ከወዲያኛው ጎረቤት ጋር በሚጋሩት ግድግዳ ውስጥ ነው። «ከማዶ ያሉት ሰዎች ምን ይሠራሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አላውቅም» አሉ ሻለቃው፤ «በሰላምታ ብቻ ነው የምንተዋወቀው።» አለቃው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። ሰው ልከው የጎረቤትን በር አስንኳኩ። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ማንም አልከፈተም። እስከ ፋሲካ ባሕር ዳርቻ ሄደዋል ብሎ የነገራቸው ወተት አመላላሹ ነው። ሌላ መውረጃ አልነበረንም። እማዬን በወንበሯ ይዘው፣ እኔ ከኋላ፣ ሁላችንም ግድግዳውን ታክከን፣ እግራችንን እንደ ሌባ እያኖርን ወረድን። ሻለቃው መጨረሻ ወረዱ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፣ እየጸለዩ ነበር መሰለኝ።

አሁን እማዬ የሻለቃው እልፍኝ ውስጥ እሳቱ ዳር ተኝታለች፤ አልተጎዳችም። ሁለተኛ ስኒ ሻይ ጠጥታ «ማርማላታው የኛ ነው፣ አውቄዋለሁ» ብላቸዋለች። ሻለቃው ደረጃውን በራሳቸው ወጪ እንደሚያሠሩ ነግረውኛል፤ እኔ አሁን ስለዚያ ማሰብ አልችልም። የኛን ቤት ግድግዳ ከዚህ በኩል ዳሰስኩት። ማዶው ከጣራ እስከ ወጥ ቤት ባዶ ነው። ስለዚህ ልኩን ለክቼ ልልክልህ አልችልም፣ ወንድሜ። እማዬም አንድ ፎቅ ይበቃዋል በይው ብላለች።

ለሞይራ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ ወገቧን ከባድ ነገር እንዳታስነካው። ለጂል ሹራቡ እጅጌው ብቻ እንደቀረ፣ አያቷ በጣራ ላይ ይዛው እንደተሻገረች ንገራት። ደጃፍ ለደጃፍ ለሚኖረው ጎረቤትህም፣ ስሙን ጽፈህልኝ ባታውቅም፣ ሰላም በልልኝ፤ በዚያውም ምን እየሠራ እንደሆነ ጠይቀው። ለዴኒስ ደግሞ ቴምብሮቹን ከነጠርዛቸው እንድልክለት አደራ ያለኝን እንዳልረሳሁ ንገረው። ዛሬ ግን ይቅር ይበለኝ። ጠርዙን ቆርጬ ወደ ሻለቃው ደረጃ ወጥቼ፣ ሦስተኛው እርከን ግድግዳው ውስጥ በሚገባበት ላይ ለጥፌዋለሁ። ይህን ስጽፍልህ ደጋግሜ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ እስካሁን አልተቀደደም።

እህትህ ሄስተር

ሃርኮት ረድፍ፣ ባዝ ከተማ
ሐሙስ፣ ማርች 9 ቀን 1961